3 ዓመት ያልሞላት ልጅ ይዞ ያስ ማሪና ፎርሙላ ዋን መሄድ ይቻላል?

የሻርጃዋ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ የፎርሙላ ዋን መኪና ውድድር ሲባል ሌላ ነገር አይሰማም። ጠዋት ተነስቶ የሚያወራው ስለ ሾፌሩ ሃሚልተን ነው፣ ማታም የሚተኛው ቀይ አሻንጉሊት መኪናውን ይዞ ነው። ባለቤቴ ዘንድሮ አቡ ዳቢ፣ ያስ ማሪና ትራክ ሄደን በዓይኑ ይይ ብሎ ቆርጧል። እኔም ደስ ይለኛል፣ ልጁ ምን ያህል እንደሚጓጓ ስለማውቅ።

ችግሩ 3 ዓመት ያልሞላት እህት አለችው። የምንተውላት ሰው የለንም፣ ቤተሰብ ሁሉ አገር ቤት ነው። ባለቤቴ አራታችንም እሁድ ሄደን ዋናውን ውድድር እንይ ይላል። እኔን ጩኸቱ ያስፈራኛል፣ በቲቪ እንኳ ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮዋን ትይዛለች። ሙቀቱ፣ ሕዝቡ፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም ያሳስበኛል። ትኬቱም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሕፃን ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

አባ ያስ

ሰላም እህቴ። የምኖረው አቡ ዳቢ ነው፣ ልጆቼንም ይዤ እሄዳለሁ። ቀጥታ ልንገርሽ፣ እሁድን ተዉት። አርብ ሂዱ።

እሁድ ውድድሩ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው፣ ሰው ግን ከቀትር ጀምሮ ነው የሚጎርፈው። ከውድድሩ በፊት የአየር ትርኢት አለ፤ የኢትሃድ ትልቁ አውሮፕላን ከጄቶቹ ጋር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አዋቂም ይደነግጣል። ከዚያ 58 ዙር ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሲያልቅ ርችት፣ ከርችቱ ቀጥሎ ኮንሰርት። መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሳችሁ፣ ከዚያ ወጥታችሁ፣ ሻርጃ እስክትገቡ ምሽት 5 ሰዓት ሊሆን ይችላል። 3 ዓመት ያልሞላት ልጅ ይሄን አትችልም፣ ልጁም ቢሆን በማግስቱ ትምህርት አለው።

አርብ ልምምድ ነው። ሁለት ጊዜ ይወጣሉ፣ አንዱ 7 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው 11 ሰዓት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ያው መኪና፣ ያው ሾፌር። ለ7 ዓመት ልጅ ሃሚልተን ለልምምድ ወጣ ለዋንጫ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ደግሞ ሻርጃ አርብ ትምህርት ቤት ዝግ ነው አይደል? የዱባይና የአቡ ዳቢ ልጆች እስከ ቀትር ይማራሉ፣ እናንተ ግን ጠዋቱን ተኝታችሁ፣ በልታችሁ፣ ሳትጣደፉ መውጣት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በመጀመሪያው ልምምድ ብዙ ቡድኖች ጀማሪ ሾፌር ነው የሚያስወጡት። ሕጉ በዓመት የተወሰኑ ልምምዶችን ለጀማሪ እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል፣ አቡ ዳቢ የመጨረሻው ውድድር ስለሆነ ቀሪ ግዴታቸውን እዚህ ይጨርሳሉ። ልጅሽ ሃሚልተንን ጠብቆ ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ ቢያይ ያዝናል። የ11 ሰዓቱን ያዙ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል፣ መብራቱ ሲበራ ያልቃል፣ አየሩም ያኔ ቀዝቀዝ ይላል። በእኔ እምነት ከሳምንቱ ሁሉ የሚያምረው ሰዓት እሱ ነው።

የጆሮ ሐኪም ቤት

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የመስማት ምርመራ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስለ ጆሮ ብቻ ልናገር።

ለአዋቂ ሠራተኛ በስፋት የሚሠራበት የድምፅ ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መኪኖቹ በቅርብ ሲያልፉ ከ100 በላይ ይሄዳል። ይሄ ወሰን የወጣው ደግሞ ለአዋቂ ነው። የሕፃን የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ድምፅ እዚያ ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መድኃኒት የለውም፣ ቀዶ ጥገናም አይመልሳቸውም። የሚያስቸግረው ደግሞ ሕፃን ልጅ ጆሮዬ ይጮኻል ብላ አትነግርሽም። ትነጫነጫለች ወይም ዝም ትላለች፣ እናት ደክሟት ነው ትላለች።

ለልጅቷ የምትገዢው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን፣ ለእድሜዋ የተሠራውን ይሁን። ማሸጊያው ላይ የሚቀንሰው መጠን በቁጥር ተጽፏል፣ 25 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ፈልጊ። በሥራ ላይ የሚቀንሰው ከተጻፈው ያንሳል፣ ስለዚህ ዝቅተኛውን አትውሰጂ። ወደ ጆሮ የሚገባውን ስፖንጅ ለእሷ አትሞክሪ፣ በልኳ አይደለም፣ አውጥታ ወደ አፏ ብትከትተውም ያንቃታል። ሙዚቃ የሚሰማበት ሄድፎንም ለዚህ አልተሠራም፣ ድምፅ ያጠፋል ቢባልም እንኳ። ኮፍያ ከሥሩ አታድርጊላት፣ ክፍተት ይፈጥራል፣ በክፍተቱ ድምፅ ይገባል።

ደግሞ ዛሬውኑ ግዢና ቤት ውስጥ ታድርገው። ምንጣፍ ስትጠርጊ፣ ጁስ መፍጫ ሲጮህ አድርጊላት። እዚያ ደርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አውጥታ ትጥለዋለች። አላደርግም ካለች በዚያ ቀን አትግቡ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የለንደኗ

እኔ የማውቀው ሲልቨርስቶንን ነው፣ ግን ልጅ ልጅ ነው። የእንግሊዙ በሐምሌ ነው፣ ቦታው የድሮ የጦር አየር ማረፊያ ስለነበር ሜዳ ነው፣ ነፋሱ አያድርስ። በአንድ ቀን ፀሐይም፣ ዝናብም፣ ጭቃም ታያላችሁ። 2025 ላይ በቅዳሜና እሁድ ዙሪያ ባሉት ቀናት የገባው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ነው ተብሏል። አንድ ዙሩ 5.891 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከበር እስከ መቀመጫ የምትሄጂው መንገድ ራሱ ጉዞ ነው። አቡ ዳቢ ከዚህ አንፃር ቀላል ነው፣ 5.281 ነው፣ ዝናብም የለባችሁም።

የማየው ነገር ቢኖር ልጆች የሚማረሩት በመኪናው ድምፅ ሳይሆን በመጠበቁ ነው። በሁለት ልምምድ መሃል ረጅም ባዶ ሰዓት አለ። ወላጅ ስልኩን ያያል፣ ልጅ ምን ያድርግ? ለትልቁ ሥራ ስጪው። ደብተርና እርሳስ ይያዝ፣ የመኪና ቁጥርና የራስ ቁር ቀለም ይመዝግብ። በ2026 ካዲላክ የሚባል አዲስ ቡድን ስለገባ 11 ቡድን፣ 22 መኪና ሆኗል፣ ሁሉንም እስኪያገኝ ይጠመዳል። የእኔ ልጅ ወረቀቱን እስካሁን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

ሲልቨርስቶን ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፣ እኔ ዳቦ ቆሎውንም ፍርፍሩንም ይዤ ነው የምሄደው። የእናንተን ሕግ ግን ቀድመሽ እይ፣ እንደዚያ አይመስለኝም።

አባ ያስ

ልክ ነሽ፣ እዚህ ከውጭ ምግብ አያስገቡም፣ የሕፃን ምግብ ላይ ግን አይከፉም። የዓመቱን ዝርዝር ትኬቱ የተገዛበት ገጽ ላይ ማየት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ውድድሩ ከህዳር ጽዮን ትንሽ ቀን አልፎ ነው፣ የነቢያት ጾም ላይ ነን። የምትጾሙ ከሆነ ውስጥ የምታገኙት ድንች ጥብስና ዳቦ ነው፣ ቤት በደንብ በልታችሁ ውጡ።

ጋሽ ከቨርጂኒያ

ልጆቼ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ከዚህ ምን ታተርፋለች? አታስታውሰው፣ አይገባት። መኪና ተገልብጦ ጎማ ቢነቀል ማን ነው የሚመልሰው? በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በሚባለው ውድድር ላይ መኪና ወደ ተመልካች ገብቶ ከ80 ሰው በላይ ሞቷል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ኋላ ግን ታሪኩን ሰምቼ መኪና ውድድር ሲባል ልቤ አይወድም። አባትየው ልጁን ይዞ ይሂድ፣ እናት ከሕፃኗ ጋር ቤት ትሁን። ምን ችግር አለው?

አባ ያስ

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፣ የሚከበር ነው። ግን ከ1955 ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ያኔ በመኪናውና በሰው መሃል የነበረው ከለላ ከምንም አይቆጠርም ነበር። አሁን ከፍ ያለ አጥር አለ፣ ሰፊ ማምለጫ ሜዳ አለ፣ ጎማውም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጠንካራ ገመድ ከመኪናው ጋር ይታሰራል፣ ተነቅሎ እንዳይበር።

ይሁን እንጂ ምንም አይደርስም አልልም። በ2023 ሜልበርን ላይ ከሾፌሩ ማግኑሰን መኪና የተፈናጠረ ስባሪ ተመልካች ክንድ ላይ አርፎ አቁስሎታል። ለዚህ ነው እኔ ከልጅ ጋር ስሆን የታችኛው ረድፍ ላይ የማልቀመጠው። ወደ ላይ ከፍ ማለት ለደህንነትም ይበጃል፣ ለድምፁም ትንሽ ይሻላል፣ እይታውም ይሰፋል። ታች ሆነሽ መኪናው ሽው ብሎ ሲያልፍ ቀለሙን እንኳ አትለዪውም።

የሻርጃዋ፣ ቦታ ስትመርጡ መኪኖቹ የሚቀንሱበት ጠርዝ ይሁን። የሰሜኑ ትሪቡን ጥሩ ነው። እዚያ መንገዱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ሁሉም ፍሬን ይይዛል፣ ልጁ የሾፌሩን የራስ ቁር ያያል። ዋናው ትሪቡን ፊት ለፊት ጋራዡን ታያላችሁ፣ ጎማ ሲቀየር ታያላችሁ፣ ግን ውድ ነው። ሳሩ ያለበት ኮረብታ ደግሞ ለሕፃን መንከባለያ ይሆናል፣ ጣሪያ ግን የለውም።

የሻርጃዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ምክርዎን አክብሬ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር አብሬ ማየት እኔም እፈልጋለሁ፣ የልጄን ፊት ሳላይ መቅረት አልፈልግም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ጋሪ ይዤ ልግባ? ወይስ በአንቀልባ ልዘላት? አዝዬ ስሄድ ነው ቶሎ የምትተኛልኝ። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ቢወስዳት የጆሮ መከላከያውን ላውልቅላት?

የጆሮ ሐኪም ቤት

ከሁለተኛው ልጀምር። አታውልቂ! ተኝታም ጆሮ ይጎዳል፣ እንቅልፍ ድምፅ አያግድም። ከብዷት ከሆነ ወይም ካላባት ከአጥሩ ርቃችሁ ውጡ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሄደሽ አውልቂላት፣ ትናፈስ።

አንቀልባውን በተመለከተ፣ ጀርባሽ ላይ ካለች መከላከያው መንሸራተቱን አታዪም። ስትተኛ ጭንቅላቷ ዘንበል ይላል፣ አንዱ ወገን ይከፈታል፣ አንቺ ፊት ለፊት እያየሽ ነው። መኪና በሚሮጥበት ሰዓት ደረትሽ ላይ ወይም ጭንሽ ላይ ትሁን። ለመንገዱ አንቀልባው ጥሩ ነው።

የለንደኗ

ጋሪ ወደ መቀመጫው ደረጃ አይወጣም፣ ታች ትተሽው ነው የምትሄጂው። ሆኖም ይዘሽ ግቢ፣ ረጅሙን መንገድ ያግዝሻል፣ ቦርሳውንም ይሸከምልሻል። ተጣጥፎ ትንሽ የሚሆነው ይሻላል።

ሽንት ቤት ላይ ደግሞ ልምምዱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሂጂ። ሁሉም ሰው እንዳበቃ ነው የሚነሳው፣ ያኔ ሰልፉ አይቻልም።

ዳላስ ነኝ

እኛ የምንሄደው ኦስቲን ነው። በጥቅምት ነው፣ የቴክሳስ ፀሐይ ግን ጥቅምት አያውቅም። ጥላ እንደ ልብ የለም፣ የመጀመሪያው ኩርባ 40 ሜትር ያህል ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጅ ትከሻ ላይ አድርጎ እዚያ መውጣት ትልቅ ሥራ ነው። በ2022 በሦስት ቀን 440 ሺህ ሰው ገብቷል።

እኔ አጥብቄ የምናገረው ስለ መጥፋት ነው። በዚያ ሕዝብ ውስጥ ልጅ ከእጅ ካመለጠ በድምፅ ጠርተሽ አታገኚውም፣ እሱም ጆሮው ተሸፍኗል፣ አንቺም ተሸፍነሻል። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። የሁለቱም ልጆች ክንድ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ወይም በወረቀት አምባር። ጠዋት ከቤት ስትወጡ በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሷቸው። ለትልቁ ንገሩት፣ ብትጠፋ አትሩጥ፣ እዛው ቁም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ጥራ በሉት። ሁሉም ልጅ የቡድን ኮፍያና ቲሸርት ስለሚለብስ ከሩቅ አይለይም፣ ሌላ ቀለም አልብሷቸው። ቀይ የፌራሪ ቲሸርት የለበሰ ልጅ እዚያ መፈለግ አይታሰብም።

የሻርጃዋ

ወይኔ፣ ይሄ ስለ ጆሮ መሸፈኑና ስለ መጥራቱ ያልከው በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የእኛ ደግሞ ቀይ ቲሸርት ካልገዛችሁልኝ እያለ ነው።

ዳላስ ነኝ

ቲሸርቱን ግዙለት፣ አታስከፉት። ላዩ ላይ ደማቅ ቢጫ ሰደርያ ደርቡበት።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። እኔ ልጅ የለኝም ግን እህቴ አላት። ለምን ያን ያህል ገንዘብ ይወጣል? ያስ ማሪና ትራኩ በሳምንቱ አንዳንድ ምሽት ለሕዝብ በነጻ ክፍት ነው፣ ሰው ይሮጥበታል፣ ብስክሌት ይነዳበታል። የእህቴን ልጅ ብስክሌቱን ይዘን ወስደነው ነበር። መነሻው መስመር ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል፣ በዚያው አስፋልት ላይ ነድቷል። ጩኸት የለም፣ ሰልፍ የለም።

አባ ያስ

ጥሩ ሐሳብ ነው! ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱን አጣምሩት። ከውድድሩ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ አንድ ምሽት ውሰዱት፣ ትራኩን በእግሩ ይወቀው። ከጋራዥ የሚወጣው መንገድ በትራኩ ሥር በዋሻ እንደሚያልፍ አሳዩት፣ ልጆች እሷን በጣም ይወዷታል። ከዚያ አርብ ቀን መኪኖቹ በዚያው ሲሮጡ የት እንዳለ ያውቀዋል። ለልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም መቀመጫ ላይ ሆኖ የሚያየው አንድ ኩርባ ብቻ ነው፣ የቀረውን ካላወቀው መኪኖቹ ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ አይገባውም። ውድድሩ ሲቃረብ ግን ለዝግጅት ስለሚዘጉት አትዘግዩ።

ጋሽ ከቨርጂኒያ

ይሄኛውን ወደድኩት። ብስክሌቱ ይበቃው ነበር፣ ግን ከሄዳችሁም አርብ ይሻላል ያሉት እውነት አላቸው። ሕፃኗን አደራ።

የሻርጃዋ

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ የጻፋችሁትንም አነበብኩለት። መጀመሪያ እሁድን መተው ከብዶት ነበር፣ ሻምፒዮኑ የሚለይበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ 2021 ላይ ሃሚልተንና ቨርስታፐን በመጨረሻው ዙር ያደረጉት ትዝ ይለዋል፣ ቢያመልጠኝስ ብሎ። ኋላ እሱም ተቀበለ። አርብ አራታችንም እንሄዳለን፣ ለ11 ሰዓቱ ልምምድ። ከበሩ 9 ሰዓት ገደማ እንድረስ ብለናል። እሁድን ቤት ሆነን በቲቪ እናያለን፣ ጎረቤቶቻችንንም እንጠራለን።

እኔና ልጅቷ አንድ ሰዓቱን ሙሉ አንቀመጥም። 20 ደቂቃ አይታ ከደከማት ይዣት ወደ ኋላ እወጣለሁ፣ አባትና ልጅ ይጨርሳሉ። ይሄን ከአሁኑ ተስማምተናል፣ እዚያ ደርሰን እንዳንጨቃጨቅ። የጆሮ መከላከያውን አዘናል፣ ለእኔና ለባለቤቴም ጭምር። ልጅየው ገና አልተነገረውም።

የጆሮ ሐኪም ቤት

በጣም ጥሩ። ለራሳችሁም ማዘዛችሁ አስደስቶኛል፣ ልጆች ወላጅ ሲያደርግ ካዩ አያስቸግሩም። ሲደርስልሽ የልጅቷን አድርጊላትና ጣትሽን በጠርዙ ዙሪያ አዙሪ። ከጉንጯ በላይ ወይም ከጆሮዋ ኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ትልቅ ሆኖባታል ማለት ነው፣ መልሰሽ ትንሹን ቀይሪ። የጆሮ ጌጥ ካላትም ያን ቀን አውልቂላት፣ ሲጫን ያማታል።

የለንደኗ

ለማታ ሹራብ አትርሺ። ባሕሩ ዳር ነው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ላብ የነካው ልጅ ይበርደዋል።

አባ ያስ

ስትመለሱ ኮንሰርቱ ሳይጀምር ውጡ፣ አርብም ማታ ኮንሰርት ስላለ መውጫው ይጨናነቃል። መኪና ያቆማችሁበትን ቦታ ቁጥር ፎቶ አንሱት። በኢምሬትስ ሮድ ብትመለሱ ከዱባዩ መሃል መንገድ ይሻላችኋል። ልጁ የሞላውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ 22ቱንም ካገኘ ማየት እፈልጋለሁ።

የሻርጃዋ

እሺ፣ እለጥፋለሁ። ደብተሩን ነገ እገዛለሁ።